የመጀመሪያው ፈር
የመውደቅን ፍርሃት በአንድ ትንሽ እርምጃ ስለማሸነፍ

በዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችሁ በደንብ የምታውቁትን፣ ነገር ግን ጮክ ብላችሁ የማትናገሩትን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እሱም የመውደቅ ፍርሃት ነው።

እስቲ አንድ ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ቦታው ጉንደ ወይን ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ። ክፍሏ ሦስት ተማሪዎች በጋራ የተከራዩዋት የጭቃ ቤት ናት። ጥግ ላይ ከገጠር የመጣ ስንቅ ተቀምጧል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ሽሮ። ከሦስቱ አንዷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቅዳሜ በእግሯ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ፣ እሑድ ማታ ስንቋን ተሸክማ ተመልሳለች። እናቷ ሲሸኟት «አደራሽን ልጄ! የኛ ተስፋ አንቺ ነሽ» ብለዋታል። ሐሙስ የሒሳብ ሞዴል ፈተና አለ። የሒሳብ መጽሐፏ ግን ከተዘጋ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

ይህች ልጅ ሰነፍ ናት? አይደለችም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልብስ አጥባለች፣ ቤት ጠርጋለች፣ የታሪክ ደብተሯን እንደገና በንጹሕ ገልብጣለች። የሒሳቡን መጽሐፍ ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ግን ሆዷ ይገለባበጣል። «ብከፍተውና ባይገባኝስ? እንደማልችል ባረጋግጥስ?» ትላለች በልቧ። ስለዚህ አትከፍተውም። «ነገ እጀምራለሁ» ስትል ቀለል ይላታል። ነገም ያው ነው።

ይህ የአንዲት የታወቀች ልጅ ታሪክ አይደለም። የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከእሷ ጋር እስከ ሐሙስ እንቆያለን።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

አንዳንድ መካሪዎች «አትፍሩ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም» ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። የሚያስፈራ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ቢመጣም፣ ከመቶ ተማሪዎች ከ90 የሚበልጡት የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም ማለት ነው። በዚህ ላይ በአማራ ክልል በቅርብ ዓመታት በግጭት ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሰማ ተማሪ ቢፈራ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እነዚህ ቁጥሮች ስለ አገሪቱ ይናገራሉ እንጂ ስለ እናንተ ምንም አያውቁም። የዳገቱን ከፍታ ይነግሩናል። እናንተ ዳገቱ ላይ የት ቦታ እንደቆማችሁ ግን አይነግሩንም። እሱን የሚያውቀው ራሱን የሞከረ ሰው ብቻ ነው።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ ስለ ዕድል ክፉነት ይነገራል። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። የምንፈራው ነገር የሚደርስብን ብዙውን ጊዜ ስለፈራነው ከእሱ ስለምንሸሽ፣ ስለሸሸነውም ሳንዘጋጅ ስለሚያገኘን ነው።

ፍርሃት እንዴት ያድጋል?

ፍርሃት የተፈጥሮ ነገር ነው። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። ይህ ከጅብ ለማምለጥ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰውነታችን ጅብንና የሒሳብ መጽሐፍን ለይቶ አለማወቁ ነው። ሁለቱንም «ሽሽ!» ብሎ ነው የሚቀበላቸው።

ስንሸሽ ምን ይሆናል? ወዲያው እፎይ እንላለን። አእምሯችንም «አሃ! መሸሽ መፍትሔ ነው» ብሎ ይማራል። በማግሥቱ ያው መጽሐፍ ሲታይ ፍርሃቱ ከትናንቱ በርትቶ ይመጣል፤ ምክንያቱም አሁን አንድ ቀን ባክኗል፣ ያልተጠናውም ገጽ ጨምሯል። እንደገና እንሸሻለን። እንደገና እፎይ። በዚህ መልክ ፍርሃቱ በየቀኑ እየተቀለበ ይወፍራል። ቀላቢዎቹ ደግሞ እኛው ነን።

ከዚህ አዙሪት የሚወጣው ፍርሃቱ እስኪለቀው የጠበቀ ሰው አይደለም። ፍርሃቱ እያለ አንድ ነገር የጀመረ ሰው ነው። ብዙዎቻችን «ድፍረት ሳገኝ እጀምራለሁ» እንላለን። በተግባር ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ድፍረት የሚመጣው ከተጀመረ በኋላ ነው።

የደራርቱ አራተኛነት

ደራርቱ ቱሉን የማያውቅ የለም። በአርሲ በቆጂ ተወልዳ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያኔ ገና 20 ዓመቷ ነበር። ይህን ሁላችሁም ትነግሩናላችሁ።

በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ በዚያው ርቀት ስንተኛ እንደወጣች ግን ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? አራተኛ ነበረች። ነሐሱን የወሰደችው የአገሯ ልጅ ጌጤ ዋሚ ነበረች። አራተኛ ማለት ሜዳሊያ የለም ማለት ነው። ለዓለም አንደኛ ሯጭ ይህ መውደቅ ነው፤ ያውም ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ።

ከዚያ በኋላ ልጅ ወለደች። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ በዚያው በ10 ሺህ ሜትር ተሰልፋ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ በአዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን እንደገና ወርቅ ወሰደች። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ነሐስ ጨመረች። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው «ደራርቱ ጀግና ናት» የሚለውን ብቻ አይደለም። በአትላንታና በሲድኒ መካከል አራት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ቴሌቪዥን ያላሳያቸው ብዙ ማለዳዎች ነበሩ። አራተኛ የወጣ ሰው በቀጥታ ሲድኒ አይደርስም። መጀመሪያ አንድ ጠዋት ጫማውን አስሮ ከቤት ይወጣል። አራተኛነት የደራርቱ ማንነት አልነበረም። የዚያን ቀን ውጤቷ ነበር። ውጤት ደግሞ ፍርድ አይደለም፤ ከየት እንደምንነሣ የሚነግረን ምልክት ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ምን ይመስላል?

የገበሬ ልጆች ስለሆናችሁ ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ለጤፍ የሚሆን ማሳ በአንድ ቀን አይለሰልስም። መጀመሪያ ይገመሳል፣ ይደገማል፣ ይሠለሳል፤ ከዚያም በላይ የሚታረስ አለ። በመጀመሪያው ቀን ጓሉ ይገለበጣል፣ ሥሩ ይመዘዛል፣ መሬቱ ከበፊቱ የከፋ ይመስላል። ገበሬው ግን «ይህ መሬት አልሆነልኝም» ብሎ በሬዎቹን አይፈታም። የመጀመሪያው ፈር ሥራው መሬቱን መክፈት ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

ጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ የሚከተሉት አራት ጠባዮች አሉት፦

1ኛ/ ትንሽ ነው። «ዛሬ ሒሳብን እጨርሳለሁ» እርምጃ አይደለም፤ ምኞት ነው። «ዛሬ ማታ አሥር ጥያቄ እሠራለሁ» እርምጃ ነው። አሥሩም ካስፈራችሁ ሁለት ይሁን።

2ኛ/ ዛሬ ይቻላል። መብራት እስኪመጣ፣ አዲስ መጽሐፍ እስኪገዛ፣ ሰኞ እስኪሆን አይጠብቅም።

3ኛ/ መጀመሩና ማለቁ ይታወቃል። «በርትቼ አጠናለሁ» መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። አሥር ጥያቄ ግን አሥር ነው።

4ኛ/ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ይነግረናል። ከእርምጃው በኋላ ከበፊቱ የበለጠ የምናውቀው ነገር ሊኖር ይገባል።

ወደ ጉንደ ወይኗ ተማሪያችን እንመለስ። እሑድ ማታ ነው። ጓደኛዋ «ዝም ብለሽ አሥር ጥያቄ ሥሪና እንተኛ» አለቻት። ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት አወጡ። መልሱን ሳታይ አሥር ጥያቄ ሠራች። አረመችው። ያገኘችው ሦስት ነው።

«ይኸው! አላልኩሽም?» አለች፣ ዓይኗ እንባ እየሞላ።

ጓደኛዋ ግን ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና «ቆይ እንጂ፤ የሳትሽውን እንየው» አለቻት። የተሳሳቱት ሰባት ናቸው። አራቱ ሎጋሪዝም ሆነው ተገኙ። ሁለቱን ጥያቄውን በችኮላ ስላነበበች ነው የሳተቻቸው። አንዱ ጨርሶ ያልተማረችው ነው።

እዚህ ላይ ምን እንደተፈጠረ ልብ በሉ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ፍርሃቷ «ሒሳብ አልችልም» የሚል ነበር። ለዚህ ፍርሃት መድኃኒት የለውም፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውምና። አሁን ግን ፍርሃቱ «ሎጋሪዝም አልችልም፣ ጥያቄም ቸኩዬ አነባለሁ» ወደሚል ወርዷል። ለዚህ መድኃኒት አለው። ከአሥር ሦስት ማግኘቷ አላደኸያትም። ያላወቀችውን እንድታውቅ አደረጋት።

ሰኞ ጠዋት ከክፍል በፊት መምህሯ ጋ ሄደች።

«ቲቸር፣ ሒሳብ አይገባኝም።»

«የቱ ጋ?»

ትናንት ቢሆን ኖሮ «ሁሉም» ትለው ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱን ዘርግታ «እዚህ፣ ሎጋሪዝሙ ጋ» አለች።

«እሱማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በዕረፍት ሰዓት ነይ፤ ሌላም ያልገባው ካለ ይዘሽ ነይ።»

መምህራን ለሁሉም ነገር መልስ የላቸውም። «ሁሉም አልገባኝም» ለሚል ተማሪ ምን እንደሚያደርጉ ይጨንቃቸዋል። «እዚህ ጋ» ለሚል ተማሪ ግን አብዛኞቹ ጊዜያቸውን አይሰስቱም።

ራስን መፈተን ከማንበብ ይበልጣል

ተማሪዋ ያደረገችው ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የኮሌጅ ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች በሁለት መንገድ አስጠኑ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በግልጽ በለጡ።

ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ራስን መፈተን ደግሞ ያላወቅነውን ያሳየናል፤ ስለዚህ ያስፈራል። የሚጠቅመውም ለዚያው ነው። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በራሳችሁ እጅ መሳሳት ማንም የማያየው፣ ምንም የማያስከፍል ስሕተት ነው። በብሔራዊ ፈተና ላይ ከመሳሳት በሞዴል፣ በሞዴል ላይ ከመሳሳት በማታው አሥር ጥያቄ መሳሳት ይሻላል።

ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ምናልባት «የኤች አይ ቪ መከላከያ መጽሔት ስለ ሒሳብ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። በጣም ያገባዋል።

«መውደቄ አይቀርም» ብሎ ልቡ የቆረጠ ወጣት ስለ ነገ ማሰብ ያቆማል። ስለ ነገ የማያስብ ሰው ደግሞ ዛሬ ራሱን አይጠብቅም። ከቤተሰብ ርቃችሁ በኪራይ ቤት የምትኖሩ ተማሪዎች ይህን በዓይናችሁ አይታችሁታል። «ምን ያጣላኛል» ብሎ አረቄ ቤት ማምሸት የጀመረ ልጅ አለ። ስንቅና የቤት ኪራይ ሲያጥራት «እኔ እከፍልልሻለሁ» ባላት ትልቅ ሰው የተጠመደች አለች። ፈተናው ሳይደርስ «ወድቄ ከማፍር» ብላ ለደላላ ገንዘብ ከፍላ ወደ ማታውቀው ከተማ፣ አልፎም ወደ ዓረብ አገር የሄደች አለች። እነዚህ ሁሉ ሒሳብ አልችልም ከሚል ትንሽ ፍርሃት ተነሥተው ነው እዚያ የደረሱት። ቫይረሱ የሚያገኘን ተስፋ በቆረጥንበት በር ገብቶ ነው።

እዚህም የመጀመሪያው እርምጃ ትንሽ ናት። «አይ፣ አልፈልግም» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ግን ከባድ ነው። «ብለው ቢጠላኝስ? ቢስቁብኝስ?» የሚለው ፍርሃት አለ። ስለዚህ እንደ ሒሳቡ አስቀድማችሁ ተለማመዱት። ከምታምኗት ጓደኛ ጋር ሆናችሁ «እንዲህ ቢለኝ እንዲህ እላለሁ» ብላችሁ በቃል ሞክሩት። በድንገት ከተያዝን አንደበታችን ይተሳሰራል፤ የተለማመደ አንደበት ግን ቃሉን ያገኛል። መታቀብን የመረጠ ምርጫው ሊከበርለት ይገባል። የወሲብ ግንኙነት የጀመረም ኮንዶም መጠቀምንና ከጓደኛው ጋር አብሮ መመርመርን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር ይከብደው ይሆናል እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ አስቸኳይ ነገር እንጨምር። ተገዳ የተደፈረች ልጅ ካለች ጊዜ ሳታጠፋ፣ ከ72 ሰዓት በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ቫይረሱ እንዳይዛት የሚያደርግ፣ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ቶሎ በተጀመረ መጠን የበለጠ ይሠራል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ፣ ከምታምነው ሰው ጋር ትሂድ።

ምርመራስ? ውጤቱን መፍራት

አሁን ደግሞ ሌላ ተማሪ እናስብ። ከወራት በፊት ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጽሟል። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ሲያስለው «ይኸው መጣ» ይላል። ከሳሁ ብሎ መስታወት ያያል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ጤና ጣቢያው ከቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ግን አይሄድም። «ብመረመርና ቢገኝብኝስ?» ይላል።

ከሒሳቧ ተማሪ በምን ይለያል? በምንም አይለይም። እሷ መጽሐፉን እንደፈራችው እሱም መርፌውን ፈርቷል። ሁለቱም የፈሩት ውጤቱን ይመስላቸዋል። በእርግጥ የሚያሰቃያቸው ግን አለማወቁ ነው። ቫይረሱ ከሌለበት በከንቱ እየተሰቃየ ነው። ካለበት ደግሞ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ሰውነቱን እየጎዳው ነው።

ምርመራውን እንዲህ አድርጎ ማየት ይቻላል። ቫይረሱ ካልተገኘ ራስን ጠብቆ መቀጠል ነው፤ ግንኙነቱ የቅርብ ጊዜ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ መድገም ያስፈልጋል፣ ቫይረሱ ወዲያው በምርመራ ላይታይ ይችላልና። ከተገኘ ደግሞ ሕክምናው አለ። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሰው መድኃኒቱን ሳይዘገይ ይጀምራል። በየቀኑ ሳያቋርጥ ከወሰደና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰ፣ በግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ተምሮ፣ ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ ወልዶ መኖር ይችላል።

«ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሲስተሯ ታውቀኛለች» የምትሉም አላችሁ። የምክርና የምርመራ ባለሙያ የሰማውን በምሥጢር የመያዝ ግዴታ አለበት። ያም ሆኖ ልባችሁ ካልረጋ ሞጣ፣ ቢቸና ወይም ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ መመርመር ትችላላችሁ። 15 ዓመት የሞላው ወጣት በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃ መመርመርም ላይሆን ይችላል። ገብቶ «ስለ ምርመራ መጠየቅ ፈልጌ ነበር» ማለት ብቻ ይበቃል።

ይህን ትንሽ እርምጃ ከእናንተ በጣም በከፋ ጊዜ የተራመዱ ወገኖች አሉ። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን ስለ ኤድስ የሚነገረው በሹክሹክታ ነበር። ነፃ መድኃኒት አልነበረም። ቫይረሱ አለበት የተባለ ሰው ከኪራይ ቤት ይባረር፣ ዕቃው ይለይበት ነበር። በዚያ ጊዜ ነው ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች «እኛ አለን» ብለው መቅድም ኢትዮጵያንና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ማኅበራት ያቋቋሙት። አደባባይ ሲወጡ መድኃኒቱ እንደሚመጣ ማንም ዋስትና አልሰጣቸውም። ፊታቸውን አሳዩ፣ በየትምህርት ቤቱ ዞረው አስተማሩ። ዛሬ እናንተ ያለ ሹክሹክታ ስለዚህ ጉዳይ እንድታነቡ ፈር የቀደዱት እነሱ ናቸው።

ተራምጄ ብወድቅስ?

ተማሪያችን ሐሙስ ተፈተነች። ያገኘችው ከመቶ 41 ነው። አላለፈችም። ካለፈው ሞዴል 28 ግን ከፍ ብላለች፤ ሎጋሪዝሙን በሙሉ አግኝታዋለች። አሁን ቀጣዩን ምዕራፍ ታውቀዋለች። ይህን ታሪክ «መቶ አገኘች» ብለን ብንጨርሰው ደስ ይላችሁ ነበር። ግን አታምኑንም ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ ማለፍን አያረጋግጥም። ከወደቃችሁም መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያ ነጥቡን ለጥቂት ያጡ ተማሪዎች ሬሜዲያል በሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንደገና ተፈትነዋል። በግል ተመዝግቦ መፈተንም አለ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ፤ የኤሌክትሪክ፣ የግንባታ፣ የእንስሳት ጤና ሙያ ያለው ልጅ ለወረዳው አስፈላጊ ሰው ነው። እነዚህን በሮች ፈተናው ከመድረሱ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ። ሌላ በር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ፈተና ክፍል ሲገባ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ለወላጆችና ለመምህራንም አንድ ቃል አለን። «ብትወድቂ ምን ይሻልሻል?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ሞከርሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችን ስሕተታቸውን ይዘው የሚመጡት የማይዘለፉበት ቦታ ነው።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

ሀ/ አንድ ወረቀት ውሰዱና የምትፈሩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሥሩ ላይ «ይህ ቢደርስብኝ ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ቢያንስ ሁለት መልስ ስጡ።

ለ/ ከምትፈሩት የትምህርት ዓይነት ዛሬ ማታ አሥር ጥያቄ መልሱን ሳታዩ ሥሩ። የሳታችሁትን በየምክንያቱ ለዩት፦ ያልተማርኩት፣ የረሳሁት፣ ቸኩዬ ያነበብኩት።

ሐ/ በሚኒ ሚዲያ ወይም በፀረ ኤድስ ክበባችሁ በሚከተሉት ተወያዩ፦ «አይ» ማለት የሚከብደን መቼ ነው? በአካባቢያችን ወጣቶች እንዳይመረመሩ የሚያግዷቸው ነገሮች ምንድን ናቸው? ክበቡ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ውድ ወጣቶች፣ ከሰባቱ ስሕተት አራቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወረቀቱን ሳታወጡ ግን አታውቁትም። ዛሬ ማታ አውጡት።

መልካም ጥናት!